የሻዎ በርጩማ

ልጅ ሳለሁ አጥብቄ የቀናሁት አይቼው በማላውቅ ሰው ነበር። ስሙ ሻዎ ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዘመን በፊት ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። ይሁን እንጂ በአማንና በሸዋ ቤንች ከተሞች መካከል ባለችው በአያቴ ቤት፣ እሳቱ ዳር፣ ጭስ በማይደርስበት በጥሩው ቦታ ላይ የእሱ በርጩማ ነበረች። ማንም አይቀመጥባትም። ዶሮ እንኳ ከወጣችባት አያቴ እሽ ብሎ ያባርራት ነበር። እኔ የምቀመጠው ጭሱ በሚዞርበት በኩል፣ በተቀደደ ሰሌን ላይ ነበር።

እናቴ ለአያቴ ትታኝ የሄደችው ወደ ቴፒ ለቡና ለቀማ ነው። ለቀማው ሲያልቅ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ያ ለቀማ አለቀ፣ ሌላው ደረሰ፣ እሷ ግን እዚያው ትዳር ይዛ ቀረች። ስለዚህ ያለኝ አያቴ ብቻ ነበር፤ አባባ እለው ነበር። ሰው ያለው አንድ ብቻ ሲሆን ያንን አንዱን ከማንም ጋር መካፈል አይፈልግም፤ ከሌለ ሰው ጋር ደግሞ ጭራሽ።

ማታ ማታ አባባ ጨሞ ያፈላል። ጨሞ በእኛ አገር ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ የሚፈላ ነው፤ ቅጠሉ በእሳት ጠውልጎ፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ ሲንተከተክ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ማሰሮው እንደወረደ የመጀመሪያው ሽክና የሚቀዳው ለሻዎ ነበር። አባባ ሽክናዋን በርጩማዋ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ያማስልና ለእኔና ለራሱ ይቀዳል። የሻዎ ጨሞ እዚያው ቀዝቅዞ ያድርና ጠዋት ከደጃችን እንሰት ሥር ይደፋል። እኔ ግን የሚጥመው ከላይ የተቀዳው ነው ብዬ አምን ነበር፤ የእኔን እየጠጣሁ ዐይኔ ከእሱ ሽክና ላይ አይነሣም።

ተረቱም እንደዚያው ነበር። አባባ የጅብና የጦጣ ተረት ሲጀምርልኝ ደስ ይለኛል፤ ኩራዟ ትብለጨለጫለች፣ ፍሙ ይቀላል፣ እኔ እጠጋዋለሁ። ጅቡ መንገዱን ሳያጋምስ ግን ተረቱ ወደ ጦርነቱ ይታጠፋል። ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ ሳለ ዓለም በሙሉ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ ጠቡ የማን እንደሆነ እዚህ ጫካ ውስጥ ማንም ባያውቅም ዋጋውን ሁሉም ከፈለ። ነጋዴው መምጣቱን ተወ። ቡናው ዛፉ ላይ ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ረገፈ፤ ጠግቦ ያደረ ጦጣ ብቻ ነበር። ጨርቅ ጠፋ፣ ሰው ወደ ቆዳ ተመለሰ። ጨው ጠፋ። ጎረምሶቹ የወታደር ጓዝ ተሸካሚ ሆነው ሄዱ፤ ሚስት ሊያገቡ ቀን የቆረጡ ሳይቀሩ። «ሻዎም ያን ጊዜ ሄደ» ይላል አባባ፤ ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ዐይኑ በርጩማዋ ላይ ያርፋል፤ እኔ መኖሬን ይረሳል።

የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እያልኩ በሆዴ አማዋለሁ። በጅቡ ፈንታ ሻዎ፣ በጦጣዋ ፈንታ ሻዎ! አንዳንዴ ደግሞ የሄደ ሰው ይወደዳል ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እኔም እናቴን ከሄደች ወዲህ ነው አብልጬ የወደድኳት። ታዲያ እኔም ልሂድና በርጩማ ይቀመጥልኝ እያልኩ እስከ መንገዱ ወጥቼ ጅብ ፈርቼ የተመለስኩበት ቀን አለ።

አንድ ክረምት ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። ጭቃውን እየዘለልኩ ሮጥኩና ለአባባ ነገርኩት። ጎሽ አለኝ፣ ራሴን ዳበሰኝ፤ ማሰሮውን አወረደና የመጀመሪያውን ሽክና ለሻዎ ቀዳ። ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቼ እቤቴ ስገባ ሁለተኛ ሆንኩ። ደሜ ፈላ። ተነሣሁ፣ ሽክናዋን አነሣሁ፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ ቀና ብሎ አየኝ። ዱላ እጠብቅ ነበር።

«ጠጪው» አለኝ።

ጠጣሁት። አልጫ ነበር፤ ዝንጅብሉ ያቃጥላል እንጂ ሌላ ጣዕም የለውም።

«አባባ፣ ጨው የለውም።»

«የለውም። ጨው የምጨምረው የእሱን ከቀዳሁ በኋላ ነው» አለና መጥቶ የእኔ ሰሌን ላይ፣ ጭሱ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ሁልጊዜ ከሚያቆምባት ቃል በኋላ ያለውን ነገረኝ።

ጨው በጠፋበት በዚያ ጊዜ እናታቸው አንድ ማታ ጨሞውን ቀመሰችና ይኼስ ለከብት ነው ብላ ሽክናዋን ወረወረች። ሻዎ ሰማ። በዚያ ሰሞን የሚያልፉት ወታደሮች ጓዝ ለተሸከመላቸው ሰው የሚከፍሉት በአሞሌ ጨው ነው ይባል ነበር። ሌሎቹ በግድ ሲወሰዱ እሱን ማንም አላሰረውም፣ ማንም አልጎተተውም፤ ጠዋት ተነሥቶ ለእናቱ ጨው ሊያመጣ በእግሩ ሄደ። ጦርነቱ አለቀ፤ ጨው ወደ ሚዛን ከተማ ገበያ ተመለሰ፤ ሻዎ አልተመለሰም። እናቱ እስክትሞት ድረስ ጨው በአፏ አልዞረም። ማታ ማታ ጨው ሳይገባበት ለሻዎ ትቀዳለች፣ ለራሷ ትቀዳለች፣ ከዚያ ጨው ጨምራ የተረፈውን ለአባባ ትሰጠዋለች።

«እኔ ከጎኗ ነበርኩ» አለ አባባ። «አርሼ አበላኋት፤ ስታረጅ በጀርባዬ አዘልኳት። የመጀመሪያዋን ሽክና አንድ ቀን አልሰጠችኝም። ልትሞት ስትል እጇን ይዤ ‹ሻዎ መጣህ?› ነው ያለችኝ። ወንድሜን ጦርነቱ የወሰደው አንዴ ነው። እናቴን ግን ማታ ማታ ወሰደብኝ።»

ታዲያ ለምን ትቀዳለታለህ አልኩት። እናቱ አደራ ብላዋለች። ደግሞም፣ አለ ጭስ የገባውን ዐይኑን እያሸ፣ «ብተወው ቀንቶበት ነው ትለኛለች።»

በማግሥቱ የመጀመሪያው ሽክና እንደ ወትሮው ለሻዎ ተቀዳ። እኔም ተመልሼ ሰሌኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሰሌኑን ግን አባባ ከጭሱ ስቦ ከበርጩማዋ አጠገብ አንጥፎት ነበር።

አባባ ካረፈ ቆየ። በርጩማዋ ዛሬ ሚዛን ባለው ቤቴ፣ ሶፋው አጠገብ ናት። ማታ ቴሌቪዥኑ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ያወራል፤ የሞተው ይቆጠራል፣ የፈረሰው ይታያል፤ ጎረቤቴ ባለሱቁም ዘይት የተወደደው በዚያ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን በእነዚያ አገሮች በየቤቱ ማንም የማይቀመጥባቸው ስንት በርጩማዎች እየተቀመጡ ይሆን እላለሁ፤ አጠገባቸው ጭስ እየጠጡ የሚያድጉትን ልጆች የሚቆጥር የለም። እነሱ የሚቀኑበትን ሰው ሊጣሉት እንኳ አይችሉም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምትዘረፈጠው በዚችው በርጩማ ላይ ነው። የማን እንደሆነች ጠይቃኝ አታውቅም። አልፎ አልፎ ጨሞ ሳፈላ መጀመሪያ ጨው እጨምርና የመጀመሪያውን ሽክና ለእሷ እቀዳለሁ። ትናንት አንዴ ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«እማዬ፣ ጨው በዝቶበታል» ብላ ሽክናዋን ወደ ጎን ገፋችው፤ ወደ ስልኳም ተመለሰች።

ሽክናዋን አንሥቼ የተረፈውን ጠጣሁት። ጨዉ ልክ ነበር። የመጀመሪያውን ሽክና እንዲህ ገፍታ በምትተው ልጄ የቀናሁትን ያህል በሻዎ እንኳ ቀንቼ አላውቅም።