ቅዳሴ ያስታጎለ ጨዋታ

ባለፈው ሳምንት የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀብኝና ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ጠጋኙ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስልኩን ፈታትቶ ሲያበቃ አንዲት ብሎን ወደቀችበትና ሊፈልጋት ጎንበስ ሲል እኔም አብሬው ጎንበስ አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የለበሱ ጥቁር ሣጥኖች ተደራርበዋል።

«ምንድን ናቸው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ፕሌይስቴሽን ናቸው ጋሼ፣ የድሮዎቹ። ጌም ቤት የነበራቸው ሰዎች ሲዘጉ እዚህ ጥለዋቸው ሄዱ። አሁን ማን ይጫወትባቸዋል? ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። እርስዎ አያውቋቸውም።»

አላውቃቸውም! ልስቅ ቃጣኝና ተውኩት። አንደኛውን ስቤ ክዳኑን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ያለ ድካም ተከፈተ። ጣቴ ቦታውን አልረሳም። ስልኬ እስኪሠራ ክዳኑን ስከፍት ስዘጋ ስለቆየሁ ልጁ የተቆጣሁ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ይህ ዕቃ በእኛ ከተማ ምን እንደነበረ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ያስቸግራል። መጀመሪያ የመጣው ካሴት የሚጎርሰው ዓይነት ሲሆን ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ብቻ ነበራቸው። ሌላው ልጅ በመስኮት ያያል። ቀጥሎ ሲዲ የሚበላው ግራጫው መጣ፤ ከዚያ ጥቁሩ መጣና ከተማውን ወረሰው። ሲሠራ የቤት ዕቃ ተብሎ ነው አሉ፣ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር እንዲጫወትበት። እኛ ዘንድ ግን ሳሎን አልገባም፤ ማን ሳሎን ነበረውና! ልብስ ስፌት የነበረው፣ ጠጅ ቤት የነበረው፣ በር ያለው ክፍል ሁሉ ጌም ቤት ሆነ። አንዱን ዕቃ ሠላሳ ልጅ ይጋራዋል። ሲዲው ከአዲስ አበባ ተቀድቶ ይመጣል፤ ሲጫር በሸሚዝ ጫፍ ይወለወላል፣ እምቢ ካለ በጥርስ ሳሙና ይታሻል። ቆላ ያሉ ከተሞች ዕቃው ጋለ እያሉ ማራገቢያ ያዞሩበታል ሲባል እንሰማ ነበር። የእኛው ባለ ጌም ቤት፣ ከፋብሪካ ሥራ የወጣው ሰለሞን፣ ማታ ማታ ብርድ ልብስ አልብሶት ነበር የሚሄደው። «የደብረ ብርሃንን ብርድ እኔ አልቻልኩት፣ እሱ በምን አቅሙ?» ይላል።

እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ቄስ ገብረ ሥላሴ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ በእግር አንድ ሰዓት የምታስኬድ ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ዲቁና ተቀበልኩ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደብረ ብርሃን ቤት ከተከራየሁ በኋላም ለሰንበትና ለበዓል እየሄድኩ እቀድስ ነበር። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንዱ ከጎደለ አይቀደስም፤ ታጎለ ይባላል። ለአንድ ደብር ከዚህ የከፋ ሐፍረት የለም። የሚቀድስ ሰው ደግሞ ካለፈው ቀን ጀምሮ እህል ውኃ በአፉ አይዞርም። ጎረምሳው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስላለቀ በደብራችን የቀረነው ዲያቆናት ልክ ሦስት ነበርን።

ጌም ቤት ውስጥ ስሜ «ዲያቆኑ» ነበር። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ነው የምውለው። ጎል ሳገባ ከኋላዬ ያሉት «ይፍቱን አባ!» እያሉ ጀርባዬን ይደልቁኛል። ትምህርት ቤት ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ የገጠር ልጅ፣ ጆይስቲክ ስይዝ ሰው እኔን ለማየት ይቆማል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቤተ መቅደስ ውስጥም ሰው ይቆማል፤ ያ ግን ለእኔ አይደለም።

የዚያ ዓመት የታኅሣሥ ሚካኤል ረቡዕ ዋለ። ወሩ ጾመ ነቢያት ስለሆነ በሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። አባቴ በመስመሩ በሚሠራ ሾፌር እንዲህ ብሎ ላከብኝ፤ «ለቁርባኑ ዘቢብ፣ ለመብራቱ ጧፍ ገዝተህ ና። እትዬ ጥሩወርቅ ይቆርባሉ። እንዳትዘገይ።»

እትዬ ጥሩወርቅ የጎረቤታችን ባልቴት ናቸው። አባቴ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር የገብስ ቆሎ በቀሚሳቸው ቋጥረው እያመጡ ለሁላችን የሚያድሉን እሳቸው ነበሩ። ከክረምቱ ጀምሮ ታመው ተኝተዋል። ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ እንደቀራቸው ለሰው ሁሉ ነግረዋል፤ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው መሞት።

ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ዘቢቡንና ጧፉን ገዝቼ በቦርሳዬ አድርጌ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «ስድስት ሰው ይቀረዋል» አለኝ። የሰለሞን ቤት ከፊት ለፊት ነው። እስኪሞላ አንድ ጨዋታ ብል ምን አለበት?

ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጦ ሰውን ሁሉ እያስነሣ አገኘሁት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አፉም እጁም ፈጣን። «ዲያቆኑ መጣ!» ብለው አስቀመጡኝ። አሸነፍኩት። «አጋጣሚ ነው፣ ድገመኝ» አለ። ደገምኩት። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ይመጣል አልኩ። ለሦስተኛው ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ አስያዘ፤ ሰለሞንም ጠርሙሶቹን እየከፈተ በየሰዉ ጉልበት ሥር አስቀመጠ። የእኔ ብርቱካኑ ነበር።

እኩል ነን፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። አፌ ደርቋል። ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተተከለ፣ ሲዲው ኳሱ መሐል ሜዳ ሲደርስ ገታ ባለባት ቅጽበት እጄ በራሷ ወርዳ ጠርሙሱን አነሣችና ግማሹን ጠጣሁት። አስቀመጥኩት፣ አቀበልኩ፣ መታሁ፣ ገባ። ቤቱ ተናጋ። «ይፍቱን አባ! ይፍቱን!» እያሉ ሲንጡኝ ጣፋጩ ምላሴ ላይ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ።

ለስላሳ የጾም ነው፤ እዚያ ለነበረ ለማንም አያስነውርም። ለሚቀድስ ሰው ግን አለቀ። ሮጬ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ለመትፋት ሞከርኩ፤ እንደ ሕፃን። የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ሌላ ሚኒባስ አግኝቼ ሄድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ እየተወቃ ነበር፤ እብቁ በመስኮት ገብቶ ሹራቤ ላይ ያርፋል። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ በሶ በጥብጠው እየጠጡ ስለ ዘንድሮ ምርት ያጫውቱኛል፤ እኔ ዲያቆን እቆጥራለሁ። ምናልባት ከሌላ ደብር እንግዳ መጥቶ ይሆናል። ምናልባት ካህናቱ ዘግይተው ይሆናል። ምናልባት ዝም ብል ማን ያውቃል? ይኸኛው ሐሳብ ከአስፋልቱ ከወረድኩ በኋላ ያንን የድንጋይ መንገድ ሁሉ አብሮኝ ሄደ።

ስደርስ ደወሉ ተደውሏል። እትዬ ጥሩወርቅ ጽዱ ሥር በቃሬዛ ላይ ተኝተው፣ ነጠላቸው እስከ አገጫቸው ተስቦ፣ ልጃቸው አስካለ ራሳቸውን ደግፋለች። አዩኝ።

«መጣህልኝ ልጄ?» አሉ።

እንግዳ ዲያቆን አልነበረም። አባቴ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ዘቢቡን ተቀብሎኝ ልብሰ ተክህኖውን ዘረጋልኝ። «ዘግይተሃል፤ በል ልበስ።» አንድ እጄን አስገባሁ። ሁለተኛው አልገባ አለኝ።

«አባባ፣ ቀምሻለሁ።»

«ምን?»

«ለስላሳ። ጌም ቤት።»

«ጌም ምንድን ነው?»

እዚያ ቆሜ፣ ግማሽ ልብሱን ለብሼ፣ ማስረዳት ነበረብኝ። «ኳስ ነው... በቴሌቪዥን... በእጅ የሚጫወቱት።» አባቴ በሕይወቱ ያላየው ነገር ነው። ፊቱን ሳየው ለመረዳት ይጥር ነበር፤ ከነገሩ ውስጥ የሚያወጣኝ ቀዳዳ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ሳታውቅ ነው?»

«ሳላውቅ ነው። ግን ልዘገይ እንደምችል እያወቅሁ ነው የገባሁት።»

ልብሱን በገዛ እጁ ከትከሻዬ አወረደው፤ አጥፎ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወጣ። እኔ በሩ ሥር ቀረሁ፤ ድምፁ ብቻ ይሰማኛል።

«ምእመናን፣ ዛሬ ቅዳሴው ታጉሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሌላ አልጨመረም። ሕዝቡ አጉረመረመ። እትዬ ጥሩወርቅ «ነገ ይሁና አባ» ሲሉ ሰማሁ፤ አባቴም «ሰው ፈልጌ ለዓርብ አደርሳለሁ፣ እስከዚያ ይታገሡኝ» አለ። ጾሙን እንዳለ ዱላውን ይዞ ዲያቆን ልመና ወደ ጎረቤት ደብር ወጣ።

ዓርብ ሊቀደስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ አረፉ።

የቀረውን ሰው ሞላበት። ቄሱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ካሉ ምን አድርገው ነው? ቀምሰው ነዋ! ምን ቀመሱ? ጠላ። የት? አንዱ ሠርግ ቤት አለ፣ ሌላው ተዝካር ቤት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያየ ሰውም አልጠፋም። አባቴ የነፍስ አባት ከሆነላቸው ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ቀስ እያሉ ወደ ሌላ ቄስ ዞሩ። የመጀመሪያዋ አስካለ ናት።

አንድ ቀን አውድማ ላይ ገብስ እያበራየን «ለምን አትናገርም?» አልኩት። ልናገር አላልኩም፤ ለምን አትናገርም ነው ያልኩት። ልዩነቱን ያኔም አውቀው ነበር።

«አንተ ገና ትማራለህ፣ ትዳር ትይዛለህ፤ ስም ያስፈልግሃል» አለኝ ላይዳውን ሳያስቀምጥ። «እኔ ስሜን ኖሬበታለሁ።»

ወሰድኩት። እንደ ስጦታ ወሰድኩትና ትምህርቴን ጨረስኩ፣ መምህር ሆንኩ፣ ትዳር ያዝኩ። ዲቁናውን ግን ተውኩት፤ ያ ሁለተኛው እጄ ከዚያ በኋላ ልብሰ ተክህኖ ውስጥ አልገባ አለኝ። ንስሐ ገብቼ ጨዋታውን እርም አልኩ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። ውሸት ነው። ወር ሳይሞላ ሰለሞን ቤት ተመልሼ ተቀምጫለሁ፤ «ዲያቆኑ!» ሲሉኝም ዞሬያለሁ። ጌም ቤቱን የዘጋው ስልክ ነው፣ እኔን ያስተወኝም እሱ ነው። ጨዋታውንም አልወቅስም። አንድ ትውልድ ያለ ሥራ ከመቀመጥ የተረፈባት ክፍል ነበረች፤ ዛሬ ከማስተምራቸው ልጆች አባቶች ግማሹን የማውቃቸው ከዚያ ነው።

አባቴ ዓምና አረፈ። ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ደግነቱን፣ ዜማውን፣ ለድኻ ማዘኑን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺን የሚካኤልን ነገር ደግሞ እግዜር ይቅር ይበላቸው፤ ሰው ናቸውና» አሉ። ሰዉ አሜን አለ። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ልጆች የወለደ ሰውዬ ነኝ፤ እንደገና ዝም አልኩ።

ከጠጋኙ ስወጣ ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። አስካለ ደብረ ብርሃን ገበያ ድንች ትሸጣለች፤ ለዓመታት በሌላ መንገድ እየዞርኩ አልፋት ነበር። ያን ቀን ፊት ለፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«እት አስካለ፣ ስለ እናትሽ የምነግርሽ አለኝ» አልኳትና ከሚኒባሱ እስከ ጠርሙሱ፣ ከጠርሙሱ እስከ ዕቃ ቤቱ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የበሰበሰውን ድንች ከደህናው እየለየች ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እጇ ቆመ እንጂ አልሰደበችኝም።

«እናቴ የልቧን የሚያውቅ ጌታ ዘንድ ናት፣ ለሷ አልፈራም» አለች። «አባትህ ግን በየዓመቱ ሙት ዓመቷ ላይ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። መስቀላቸውን ሲዘረጉልኝ ፊቴን አዞርኩባቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እስኪሞቱ ድረስ። እንዲህ እንደዘረጉ ይቆዩና እጃቸውን አጥፈው ይመልሱታል። አሁን የት ሄጄ ልሳለመው?»

ዝምታዬ የጎዳው አባቴን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ፈቅዶ የተሸከመው። ይህችን ሴት ግን ማንም ፈቃድ አልጠየቃትም። እያወቅሁ እንዲህ ያለ በደል ሠርታ እንድትኖር ተውኳት፤ እሷ ያላወቀችውን በደል። ያንን እጅ መልሼ አላመጣላትም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው፣ ያውም ዘግይቶ፤ የአገሬ ሰው እንዲያነበው እዚህ መጻፍ። ቄስ ገብረ ሥላሴ ያን ቀን ምንም አልቀመሱም። የቀመስኩት እኔ ልጃቸው ነኝ።