በቃሬዛ ሽርሽር

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። ወረታ ተወልጄ፣ ወረታ አድጌ፣ በየክረምቱ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲለብስ እያየሁ፣ ያ ሁሉ ውኃ የሚገባበትን ጣናን ግን ሴት ልጅ ሆኜ እስክቆም ድረስ አላየሁትም። እስክቆም ማለቴስ ለወጉ ነው። በልጅነቴ ትኩሳት ያዘኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ እግሮቼም አብረው ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲያ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ጥጥ እፈትላለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ፣ ሰው ከንፈሩን ሲመጥልኝ እናደዳለሁ።

እናታችን ከሞተች በኋላ የቀረነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነበርን። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እሱ ቀን እርሻ፣ ማታ ስብሰባ። ሚስት አግባ ሲሉት «ቆይ» ይላል፤ በማን ምክንያት እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን በቁሐር ሚካኤል በኩል እስከ ሐይቁ ዳር ከብት ሊያይ ሄዶ ሲመለስ ስለ ሐይቁ ያወራልኝ ጀመር።

«ተወኝ እስቲ» አልኩት። «ወይ አሳየኝ፣ ወይ አታውራልኝ።»

«አሳይሻለሁ» አለ። «በታንኳ አዞርሻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬያችን ሁሉ ይኸው ሆነ። ለሌላው ሰው መንገድ ማለት ተነስቶ መሄድ ነው፤ እኛ ግን ወራት ፈጀብን። ባሕር ዳር በአውቶቡስ እንዳንሄድ፣ አንድ ጊዜ ለሐኪም ስንሳፈር ረዳቱ «ይችን የት ላስቀምጣት?» ብሎ ወንድሜን ጠይቆት ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ። ዳግመኛ አውቶቡስ አታንሳብኝ ብዬዋለሁ። በቅሎም ሞከርን፤ ጭኔ ኮርቻ አይጨብጥምና ገና ሳትራመድ ተንሸራትቼ እሱው ላይ ወደቅሁ፤ ተያይዘን ስንስቅ በቅሎዋ ዞር ብላ አየችን። «ልዘልሽ» አለ። ለቅሶ ቤት ድረስ እሺ፤ ሜዳውን ሁሉ ታዝዬ ብታይ ሰው ምን ይላል?

ቀኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ክረምት ሜዳው ረግረግ ነው፤ በአጨዳ ሰው አይገኝም። ከጥምቀት በኋላ ይሁን ተባባልን፤ ያኔ ጭቃው ይደርቃል፣ ሽምብራና ጓያው ገና አረንጓዴ ነው። የገበያ ቀን እንዳይሆን፣ የስብሰባ ቀን እንዳይሆን። አንዱን ነገር ደግሞ ለእሱ ሳልነግር ለብቻዬ አቀድኩ፤ ከዋዜማው ጀምሬ ውኃ ላልቀምስ። ሴት ሆና ሰው የሚሸከማት ታውቀዋለች።

የቀረው ቃሬዛ ነው። ቃሬዛ የእድር ነው፤ በሽተኛና ሬሳ ይሸከሙበታል። ወንድሜ የእድሩን ዳኛ ሊጠይቅ ሄዶ ጆሮው ቀልቶ ተመለሰ።

«ምን አሉህ?»

«ምን ሆነች አሉኝ። ሐይቁ ውስጥ ካለው የደሴት ጠበል ላደርሳት ነው አልኳቸው።»

ብድግ ብዬ ላንቀው ነበር፤ ብድግ ማለት ብችል።

«እኔ በሽተኛ ነኝ?»

«አንች፣ ለሽርሽር ቃሬዛ የሚሰጥ እድር የት አለ? ሐይቅ ታይ ዘንድ አራት ሰው ይሸከምልኝ ብል ጠበሉ ለእኔ ይታዘዝልኝ ነበር።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም።

በማለዳ ተነሳን። ከሚሸከሙኝ አራት ሰዎች አንዱ ጎረቤታችን ሸማኔው ነበሩ፤ የምፈትለውን የሚሸምኑት እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ ይህን አላቀድንም ነበር። ባለ በቅሎው ወርዶ ይሸከማል፣ እህል የጫነው አህያውን አቁሞ ይሸከማል፣ ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» ይለኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያን ቀን ሎሚዋ እኔ ነበርኩ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩኝና «ፊቷስ ወዝ አለው፤ ደህና ትመስላለች» አሉ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ነጠላዬን ጎትቶ ፊቴን ሸፈነው። ስንት ወር ያቀድኩትን መንገድ በነጠላ ውስጥ አለፍኩት። የከብት ደወል እሰማለሁ፣ የሽምብራ እሸት ይሸተኛል፣ አንዱንም አላይም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዲያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ዳር ስንደርስ ታንኳው ከሦስት ሰው በላይ አይችልም ተባለና ተሸካሚዎቹ እዚያው ቀሩ። ወንድሜ አቅፎ የታንኳው ደንገል ላይ አስቀመጠኝ። ባለታንኳው ለሽርሽር መሆኑን ያውቃል፤ ወንድሜ አስቀድሞ ነግሮታል። «ማንም እንዳይቆም» አለ። «ታንኳ ላይ የቆመ ሁላችንንም ይደፋናል።» ወንድሜ ከኋላዬ እንደ እኔ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ማንም የማይቆምበት ቦታ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዳር ስንርቅ ነጠላዬን ገፈፍኩት። ማዶ አይታይም። ወንድሜ ያን ሁሉ ሲያወራልኝ ማዶ እንደማይታይ አልነገረኝም ነበር። ውኃው በደንገሉ መካከል እየሰረገ ቀሚሴን ያርሰዋል፤ ባለታንኳው ጉማሬ ያለበትን እየሸሸ ይቀዝፋል። እጄን ነከርኩ፣ ጠጣሁ፣ ያቀድኩትን ሁሉ ረሳሁ። እንባዬ መጣ፤ ደስታ ነበር።

«ጠገብሽ?» አለኝ ወንድሜ።

«አልጠገብኩም።»

«ለከርሞ ማዶ ድረስ እንሄዳለን።»

ስንመለስ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል፤ ምሳ እንኳ አልበሉም። ሸማኔው ተጠግተው «ቀለል አለሽ?» አሉኝ።

«ቀለለኝ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። እሳቸው ግን ያዩት እግሬን ነው።

ከርሞ ሳይደርስ ወንድሜን ለውትድርና ወሰዱት። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ያለፈውን ሁሉ ፊቱን አየሁ። አልመጣም።

ብቻን መብላት ይለመዳል። ያልለመድኩት ሌላ ነገር አለ። በዕድሜዬ ከሁሉ ደስ ያለኝን ቀን አገሩ ሁሉ ጠበሉ ያልያዘላት ቀን ብሎ ነው የሚያውቀው። «ያን ሁሉ ተለፍቶልሽ» ይሉኛል እያዘኑ። እውነቱን እንዳልነግራቸው፣ አፈሩን እንኳ የማላውቀውን ወንድሜን ውሸታም ላሰኘው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ስሙን ከማላውቀው ባለታንኳ ሌላ አንድ ምስክር ነበረው፣ እሱም ሄደ።

ባለፈው ሰሞን ሸማኔው ፈትል ሊወስዱ መጡ። አርጅተዋል፤ ትከሻቸውም ጎብጧል። ደጃፌ ላይ ትንሽ አረፍ አሉና ሜዳውን እያዩ «ያን ጊዜ ተሸክመንሽ ሄደን፣ ሳይሆን ቀረ» አሉ።

«ሆኗል እኮ» አልኳቸው።

እግሬን አዩ። «አይዞሽ ልጄ» አሉና ፈትሉን ይዘው ሄዱ።