ኮሚዳ ማለት እራት ነው

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ትሁንን የሚያውቃት ሁሉ ንዴቷንም ያውቃል። ስትናደድ አትጮኽም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እስከዚያች ደቂቃ "አንተ" ስትለው የቆየችውን ሰው "እርስዎ" ማለት ትጀምራለች። ጎረቤቶቿ "ትሁን አንቱ ካለችህ ጫማህን ፈልግ" የሚሉት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ንዴት በዕድሜዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢይዛት ነው። የከፋው ግን በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ዶራሌ አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ ሲሠራ የመጣው ነው። መነሻው እራት ነበር። እራቱ አንሶ ወይም ከፍቶ አይደለም፤ እራት በስፓኒሽ ምን ይባላል በሚል ነገር ነው። ጅቡቲ የምትኖር ኢትዮጵያዊት በስፔኖች የእራት ስም ምን አገባት የሚል ሰው ታሪኳን ከሥሩ መስማት አለበት።

አባቷ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጅጅጋ አካባቢ የወደቀ ሚሊሺያ ነበር። እናቷ ቀድማ ስለሞተች፣ ትሁን ገና ጡት እንኳ ሳታወጣ እንደሷው አባቶቻቸውን ጦርነት ከበላባቸው ልጆች ጋር መርከብ ላይ ተሳፍራ ኩባ ገባች። የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ፣ በብርቱካን እርሻ መሐል በተሠራ አዳሪ ትምህርት ቤት አደገች። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ለቀማ። ስፓኒሽ ያስተማሯት መምህራን ብዙ ነበሩ፤ አፏን ያስፈታቻት ግን የወጥ ቤቱ ኃላፊ ካሪዳድ ናት። ካሪዳድ አባቷ ከስፔን፣ ጋሊሲያ ከሚባል አገር፣ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት የልጆቹን ፀጉር በተራ ታበጥራለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ድስት በጭልፋ እየደበደበች "ኮሚዳ! ልጆች፣ ኮሚዳ!" ትላለች። ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ። ምሳ አልሙዌርሶ ነው፤ ማታ የሚበላው ኮሚዳ ነው። "ሴና" የሚባል ቃልም እንዳለ ታውቃለች፤ እሱ ግን ለእነሱ የክት ልብስ ዓይነት ነው፣ ለትልቅ በዓል የሚወጣ። ትሁን እዚያ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ማታ ማታ የበላችው ኮሚዳ ነው።

አድጋ፣ የፍራፍሬ ልማት ተምራ አገሯ ስትመለስ ኤረር የመንግሥት እርሻ ላይ ተመደበች። ብዙም ሳትቆይ መንግሥት ተለወጠ፣ እርሻውም ተበተነ። ባንቲሁን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አገባች። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ መመላለስ ሲጀምር፣ ባሏ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ላይ ማደር አበዛ። "እንግዲያው ቤቱ ወደ መንገዱ ይምጣ" ብላ ጓዟን ጠቅልላ ጅቡቲ ገባች። ካርቲየ 4 እትዬ ውዳድ ምግብ ቤት ሥራ አገኘች። እትዬ ውዳድ የሐረር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ሹፌሮቹ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚበሉት። ትሁን ሱማሊኛውንም ዓረብኛውንም እንደነገሩ ለቃቀመች። ስፓኒሹን ግን የሚያናግራት ስላልነበረ፣ ወጥ ስታማስል ለራሷ ታወራዋለች።

ዘይድ ያን ሰማ። ዘይድ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ራሱን አቅራቢ ነኝ ይላል፣ ሰው ግን ደላላ ይለዋል። ውኃ የሚፈልግ መርከብ፣ ቤት የሚፈልግ ፈረንጅ፣ እሱን ሳያገኝ አይሄድም። ዶራሌ ላይ ክሬን ሊገጥሙ የመጡ ስፔኖች ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንሳዮች የሠሩት ባለ ሰፊ በረንዳ ቤት ተከራይተው ነበርና ምግብ የሚያቀርብላቸው ይፈልጋሉ። ከመካከላቸው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል።

"ትሁንዬ፣ ስፓኒሽ ትችያለሽ አይደል?" አላት።

"እችላለሁ እንጂ። ያደግሁበት ነው።"

"በቃ፣ ምግቡን እትዬ ውዳድ ይሠራሉ፣ አንቺ ታናግሪልኛለሽ።"

ይዟት ሄደ። አለቃቸው ራሞን የሚባል ደንዳና፣ ሳቁ የሚቀድመው ሰው ነበር። ትሁን ያን ቋንቋ ከስንት ዘመን በኋላ ከሰው አፍ ስትሰማ ሰላምታውን ሁለት ጊዜ መለሰችለት። ራሞን እንግዶች እንዳሉበት ነገራት። "ለዓርብ ኮሚዳ እንፈልጋለን። ዓሣ፣ ሩዝ፣ ሰላጣ። ቃሪያ እንዳታበዙብን።"

"ቀደም ይላል ወይስ ዘግየት?" አለችው።

"ዘግየት ነው እንጂ! እኛ እኮ ስፔኖች ነን" ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ዘግየት ያለ ኮሚዳ ማለት ለእሷ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እትዬ ውዳድም እንደዚያው ተሰናዱ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጫት ደርሶ ከተማው ሁሉ ጥላ ጥላውን በያዘበት ሰዓት፣ ትሁንና እትዬ ውዳድ ጓዳ ተቀምጠው ዓሣ ያጸዳሉ። የዘይድ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች መጣች። ዘይድ ከደጅ ሆኖ ጮኸ።

"ምግቡ የታለ? ሰዎቹ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል!"

"የምን ገበታ? እራት አይደል እንዴ?" አሉ እትዬ ውዳድ፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ።

"ምሳ ነው! ምሳ ነው የሚሉት!"

ትሁን እጇን ሳትታጠብ መኪና ውስጥ ገባች። ሄሮን ሲደርሱ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ረጅም ገበታ ዙሪያ ስፔኖቹና የወደቡ እንግዶች ተቀምጠዋል። ዳቦው አልቆ ፍርፋሪው ብቻ ቀርቷል። ራሞን ፊቱ ቀልቷል።

"ኮሚዳ ብያችሁ አልነበረም?"

"ኮሚዳ ብለኸኛል። ኮሚዳው ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል" አለችው።

"የሁለት ሰዓቱማ ሴና ነው! ኮሚዳ የቀትሩ ነው!"

ገበታው ላይ የነበሩት ሳቁ። እሷ ግን አልደነገጠችም፤ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። "ባደግሁበት አገር ኮሚዳ የሚባለው የማታው ነው" ብላ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ ራሞን ቀደማት።

"ለመሆኑ የትኛው ማድሪድ ነው አንቺ የኖርሽው? ይሄ ስፓኒሽ አይደለም!"

ማድሪድን ከየት እንዳመጣት አልገባትም፤ ስድብ መሰላት። ይህ ሳያንስ ዘይድ ከጀርባዋ መጣና ጣቱን ቀሰረባት። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ለወደቡ እንግዶች፣ "ዋሽታኛለች" አለ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እሷ ዞረ።

"እችላለሁ ብለሽ አታለልሽኝ! ብርቱካን ስትለቅሚ የሰማሽውን ቋንቋ ብለሽ ይዘሽ መጣሽ! ውጪ ከዚህ!"

ውጪ ሲላት ወጣች። አውቶቡስ የለ፣ ታክሲ የለ፣ ከሄሮን እስከ ካርቲየ 4 በዚያ ሙቀት በእግሯ ሄደች፣ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ። ያቃጠላት የራሞን ሳቅ አልነበረም፤ ስፔናዊ ነው፣ በገዛ ቋንቋው ቢቆጣ ያምርበታል። ዘይድ ግን በስፓኒሽ ውኃ እንኳ መለመን አይችልም። የማያውቀውን ቋንቋ በምኑ መዝኖ ነው ውሸት ነው ያለው?

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። የኩባ ስፓኒሽ ስፓኒሽ አይደለም ተባለ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ምሳ ሲያዙ "ኮሚዳ አምጪ፣ ግን ዛሬ ይድረስ" እያሉ ይስቁ ጀመር። ባንቲሁን ከጠረፉ፣ ከገላፊ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ነበር።

"ተይው በቃ። አንድ ቃል ነው፣ ምን ያደርግልሻል" አላት።

"አንድ ቃል አይደለም!" አለችው። "ያደግሁት ውሸት ነው እየተባልኩ ነው። ካሪዳድ ያበላችኝ ውሸት ነው እየተባልኩ ነው። እንዲህ የሚሉት ደግሞ የአባቷ አገር ሰዎች ናቸው! ቃሉን ከቤታቸው ይዞ የሄደው የማን ሰው ሆነና?"

ባንቲሁን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ይሄም አናደዳት።

እሑድ ማለዳ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ብቻዋን ሄሮን ሄደች። ዘበኛው ራሞንን ጠራላት። ራሞን በረንዳው ላይ ወጣ፤ ሲያያት ግር አለው። ትሁን ወንበር ቢያቀርብላትም አልተቀመጠችም።

"ሰዓቱን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው" አለችው፣ በስፓኒሽ። "አንተም መናገር ነበረብህ፣ አልተናገርክም። ስፓኒሽ አይደለም ያልከኝን ግን አልቀበልም። እኔ ያደግሁት ኩባ ነው። እዚያ ማታ የሚበላው ኮሚዳ ነው የሚባለው። ያስተማረችኝም የጋሊሲያ ሰው ልጅ ናት።"

ራሞን ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። "ኩባ? ሰውዬሽ እኮ ማድሪድ ነው ያደገችው ብሎ ነው የነገረን። ቋንቋሽን ስሰማ ጊዜ የማድሪድ አልመሰለኝም ነበር። ዓርብ ዕለት ደግሞ በቃ፣ አጭበርባሪ ናት አልኩ።"

ትሁን ያን ጊዜ ተቀመጠች። ንዴቷ ሁለት ቀን ሙሉ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ነበር፤ አሁን አገኘ።

ከቀትር በኋላ እትዬ ውዳድ ምግብ ቤት በሹፌሮች ተሞልቷል። ዘይድ ጥግ ይዞ ፓስታውን ይጠቀልላል። ትሁን ሽርጧን ፈትታ ፊቱ ቆመች።

"አቶ ዘይድ፣ እኔን የት ነው ያሳደጉኝ?"

እርስዎ ስትል የሰሙት ሹፌሮች ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ምን አልሽ?" አለ ዘይድ።

"ማድሪድ አሳድገውኛል አሉ። እኔ ሳላውቅ።"

ዘይድ ዙሪያውን አየና ሊስቅ ሞከረ። "ለአንቺው ብዬ ነው እኮ፣ ትሁንዬ። ኩባ የተላከች የሙት ልጅ ናት ብላቸው በሩን ይከፍቱልን ነበር? ማድሪድ ሲባል ለጆሮም ያምራል።"

"እኔን ለጆሮ እንዳምር ማን ጠየቀዎት?" ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰሙት። "አባቴ ለአገሩ ሞቶ ነው የተላክሁት፤ ለምኜ አልሄድኩም። ያሳደገኝ አገር ካሳፈረዎት ምን ፈልገው መጥተው ጠሩኝ? ውሸቱን እርስዎ ዋሹ፤ ውሸታም የተባልኩት እኔ። ያውም እጄን ሳልታጠብ፣ በሰው ገበታ ፊት!"

"እሺ፣ አሁን ምን ላድርግልሽ?"

"ያዋረዱኝ ቦታ ሄደው፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ዘይድ አፉን በሶፍት ጠረገ፤ "ሴትዮዋ አብዳለች" አለና ወጣ። እትዬ ውዳድ ከኋላው ሆነው "እዚህ ቤት ፓስታ አልቋል፤ ከእንግዲህም አልቋል!" አሉት።

ራሞን ግን በሚቀጥለው ዓርብ ምግቡን በቀጥታ ከእትዬ ውዳድ አዘዘ፤ የምታናግረውም ትሁን እንድትሆን ላከባት። አልመጣም አለች። የሚስቁት ሁሉ እያሉ አልመጣም። እሱ ራሱ ነው በመጨረሻ ካርቲየ 4 ድረስ መጥቶ የወሰዳት። በገበታው ራስ ቆሞ ለሰዎቹ ተናገረ፦ "ይህች ሴት አልዋሸችንም። ኩባ ነው ያደገችው፤ እዚያ እንደዚያ ነው የሚሉት። ሳልጠይቅ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።" ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ከስፔን ደሴቶች ከአንዱ የመጣ ሽማግሌ፣ አያቱ ኩባ ኖራ የተመለሰች ስለነበረች ነገሩን እንደሚያውቀው አጉረመረመ። ትሁን "ታዲያ ዓርብ ዕለት ምላስህ የት ነበር?" አለችው። ገበታው በሳቅ ሞላ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ክሬኖቹ እስኪቆሙ ድረስ ምግቡ ከእትዬ ውዳድ ቤት ተመላለሰ። ራሞን ሲያዝ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይናገራል። እሷም ሰዓቱን ትደግምለታለች፤ "ሴና" በይ ቢሏት ግን አትልም። እንደለመደችው ጠርታ፣ እንደለመደችው አቀረበች።

ዘይድ በበኩሉ ደንበኞቼን ነጠቀችኝ እያለ ዞረ። ይቅርታ አልጠየቀም። ለዓመታት ገበያ ሲገናኙ እሱ ስልኩን ያያል፣ እሷ ፊቱን ታያለች። ቆይቶ የዘይድ እናት አረፉ። እሳቸው ደግ ሴት ነበሩ፤ ትሁን ጅቡቲ በገባች ሰሞን ስትታመም በሰሃን ሸፍነው ሾርባ ያመጡላት ነበር። ትሁን ለቅሶ ቤት ሄደች። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ አለቀሰች፣ ሰሃን አጠበች። ስትወጣ ዘይድ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው።

"አላህ ይዘንላቸው" አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እትዬ ውዳድ መንገድ ላይ ክንዷን ያዝ አድርገው፣ "አልሃምዱሊላህ፣ ታረቃችሁ" አሏት።

"እኔ የሄድኩት ለእናትየው ነው" አለች ትሁን፣ ወደ ፊቷ እያየች። "እሱማ ገና ይቀረዋል።"