መጨረሻውን አልጽፍም

የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ በመስኮቴ ሲገባ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ከታች፣ መንገዱ ዳር፣ አንዲት ሴት ትኩሱን በወረቀት እየጠቀለለች ትሸጣለች። ለእኔ ግን ሽታው የሚመጣው ከፒያሳ፣ ዛሬ ቦታውን እንኳ በእርግጠኝነት ከማላሳያችሁ ከአንድ ሲኒማ ቤት ጎን በር ነው።

በእኔና በጓደኛዬ እጅ የምትገኘው ሳንቲም ለኦቾሎኒ እንጂ ለትኬት አትበቃም ነበር። ዘበኛው ግን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ሕዝቡ እንዳይጋፋ፣ ጎን በሩን አስቀድሞ ይከፍተዋል። ያኔ ሾልከን እንገባለን። መጀመሪያ የሚቀበለን የሰው ትንፋሽና የኦቾሎኒ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ የሕንድ ዘፈን፤ ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ የምታለቅስ እናት። በሩን የሚከፍተው ዘበኛው ነበር ወይስ ትኬት ቆራጩ? አሁን አሁን እጠራጠራለሁ። ድምፁን ግን አልረሳሁትም።

“እናንተ ልጆች፣ ሰው ሲጨርስ ነው እንዴ የምትጀምሩት?”

“ጋሼ፣ መጀመሪያውን ቤታችን ነው የምንሠራው” ይለዋል ጓደኛዬ።

እውነቱን ነበር። ወደ ጊዮርጊስ ሽቅብ እየወጣን፣ እናትየዋ ለምን እንዳለቀሰች እንከራከራለን። የእኔን ኦቾሎኒ እዚያው እጨርሳለሁ፤ እርሱ የራሱን ድርሻ ኪሱ ከትቶ አንዲት ፍሬ እንኳ አያቀምሰኝም። ስስታም እለው ነበር። ይስቃል።

መጻፍ የተማርሁት በዚያ ዳገት ላይ ነው። እስከ ዛሬ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሳልጽፍ የመጀመሪያውን አልነካም። ስድስት ኪሎ ያስተማሩኝ መምህር ረቂቄን አገላብጠው፣ “ጣራ ሠርተህ መሠረት ልትቆፍር ነው?” አሉኝ። “ጣራው ካለ ግድግዳው አይጠፋኝም” አልኋቸው። ክፍሉ ሳቀ። ውጤቴ ዝቅ አለ፤ እኔ ግን አልተለወጥሁም። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁትን ሁሉ የጻፍሁት እንዲሁ በጎን በር ገብቼ ነው።

አንዱን ታሪክ ብቻ እንዲያ መጻፍ አልቻልሁም። ጓደኛዬ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። አስከሬንም መርዶም አልመጣም።

በቀደም ታናሽ እህቱ ቤቴ መጣች። የተወለዱበት ግቢ ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች።

“ወንድሜን ጻፈው” አለችኝ። “ሞተ በልና ይረፍ። እኔም ልረፍ።”

“መሞቱን ማን ነገረሽ?”

“ማንም። ግን ቤቱም ፈረሰ እኮ። ቢመጣስ የትኛውን በር ያንኳኳል?”

እንቢ አልሁ። ያላየሁትን መጀመሪያ ዕድሜዬን ሙሉ ፈጥሬአለሁ፤ ያላየሁትን ሞት ግን በእርሱ ላይ አልፈጥርም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ጎን በሩን፣ ጨለማውን፣ ዳገቱን፣ ስስቱን ጻፍሁ። እዚያው ላይ አቆምሁ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ አነበበችው።

“መጨረሻውስ?”

“የለውም።”

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ጣቷን “ስስታም” የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች።

“ስስታም አልነበረም” አለች ቀስ ብላ። “ኦቾሎኒውን ለእኔ ነበር የሚያመጣልኝ። ኪሱ ውስጥ እንደሞቀ ይደርሳል።”

ወረቀቱን ተቀብዬ “ስስታም” የሚለውን ሰረዝሁት።

“ቁጭ በይ እስቲ” አልኋት። “በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን ይልሽ ነበር?”