ፕላኑ ይረፍ

ሰው በወጣትነቱ የሠራውን ጀግንነት ያወራል። እኔ የማወራው ቃለ ጉባኤ ነው። በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበርና የቀበሌያችን ጸሐፊ አደረጉኝ። መርጦኝ አይደለም ሕዝቡ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሐል ጣቱን ቀስሮ «ያ ቀጭኑ መምህር ይጻፍ» አለ፤ ተጨበጨበ፤ በቃ፣ ጸሐፊ ሆንሁ። ያን ጊዜ ያልተጨበጨበለት ነገር አልነበረም።

ሊቀመንበራችን ከአብዮቱ በፊት የፍየል ደላላ ነበር። ደላላነቱ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ፍየል የሚያውቅ ሰው ስለ ፍየል ቢያወራ ማን ይጠላል? እሱ ግን አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሄዶ የሁለት ሳምንት ትምህርት ተምሮ ከመጣ ወዲህ ፍየል የሚባል ቃል ከአፉ ጠፋ። «ከነባራዊው ሁኔታ አንጻር» ሳይል ውሃ እንኳ አይጠይቅም። ሽጉጡንም እንደ ሰው ከኮቱ ሥር አይታጠቅም፤ ከኮቱ ላይ ነው፣ እንዳናጣው። ድንቄም ጓድ!

ነገሩ የተጀመረው ከደብረ ማርቆስ አንድ የፕላን ባለሙያ መጣ በተባለ ጊዜ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነዋሪው በሙሉ በቀበሌው አዳራሽ እንዲገኝ ጡሩምባ ተነፋ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳር አያገኝም። ስለዚህ ሽማግሌው በበትሩ፣ አራሷ ልጇን በእቅፏ እንደያዘች ሁሉም መጣ። አብዮቱን ማን ነው እዚያ ድረስ ያደረሰው ብትሉኝ ስኳር ነው እላችኋለሁ።

ባለሙያው የተጠቀለለ ካርታ ይዞ ነበር። መስቀያ ሚስማር ጠፋ። አብዮታዊ አዳራሽ ሠርተን ሚስማር ረስተናል። ስለዚህ አራት ጎልማሶች አራቱን ጫፍ ይዘው ቆሙ፤ ክንዳቸው ዝሎ ካርታው ዝቅ ሲል ሊቀመንበሩ «ከፍ! ከፍ!» ይላቸዋል። ባለሙያው በቀጭን ዘንግ ከአውራ ጎዳናው ግርጌ ያለውን የእኛን ሰፈር ነካ አደረገና «በዚህ ሰፈር ላይ ፕላን አርፎበታል» አለ።

ከኋላ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የጫኑ እማሆይ ናቸው፤ ከእኔ ቤት ጎን ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከጓሯቸው ጌሾ እየለቀሙ ለጠላ ጠማቂዎች በመሸጥ ያድራሉ። የተወለዱት ከቡሬ ወዲያ ከአገው ቤተ ሰብ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ወደ እኛ ከተማ ካገቡ በኋላ ነው። አጥርተው ይናገሩታል፤ ግን እንደ እኛ አያጣምሙትም። አዎ ካሉ አዎ ነው፣ እንቢ ካሉ እንቢ ነው። በጎጃም ይኸ ጉድለት ነው።

«ልጄ» አሉት ባለሙያውን፤ «አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጣሪያዬን ይነቅለዋል ወይ? ቆላ እርሻው ላይ መድኃኒት የሚረጨውን አይቼዋለሁ። ነፋሱ ክፉ ነው፤ ጌሾዬን ይሰብርብኛል።»

ወይ የሳቅ ያለህ! ካርታ የያዙት አራቱ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ካርታው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ይዞ ሳቀ። እኔም ብዕሬን ጥዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ መምህር ነኝና ፕላንና አውሮፕላን ለይቼ አውቃለኋ! እማሆይ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና «መልሱን አልሰማሁትም» አሉ።

ባለሙያው አስረዳ። አውሮፕላን ሳይሆን ፕላን ነው። ሰፈራችን ከእንግዲህ መኖሪያ መሆኑ ይቀርና የንግድ ክልል ይሆናል። ከአውራ ጎዳናው እስከ ትልቁ ወይራ ያሉት ቤቶች ፈርሰው ሱቅ፣ የእህል መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ይሠራባቸዋል። ተነሺዎች ከታች ወንዙ ዳር ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል። ወንዙ ዳር ማለት ረግረጉ ነው፤ ክረምት እንቁራሪት፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ። ይህን ሁሉ ሲናገር ሊቀመንበሩ አጠገቡ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። ያው ባለፈው ሳምንት በዚያው አዳራሽ ነጋዴን «የሕዝብ ደም መጣጭ» ሲል ያመሸው ሰው ነው። አሁን «ንግድ የዕድገት ምሰሶ ነው» አለን። ሱቁ ለማን እንደሚሠራ አልተናገረም፤ ግን የሚስቱ ወንድም ከመንገዱ ዳር የሚደርሰውን ቦታ በእርምጃ ሲለካ ሁላችንም አይተነዋል።

ሰዉ ተናደደ። ጥርስ ሲያፋጭ ይሰማኛል። ግን ማን ይተንፍስ? እንቢ ያለ «አድኃሪ» ይባላል። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ እንደ መጀመሪያዎቹ ክፉ ዓመታት አልነበረም። የላይኛው ቀበሌ ሰዎች «ወፍጮ ከቤታችን ጥግ አይተከልም» ብለው ነበር፤ ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ወፍጮው ሌላ ቦታ ተተከለ። ማንም አልታሰረም። ይህን እናውቃለን። እያወቅን ፈራን፤ ፍርሃቱ ለምዶብን ነበር።

በዚህ መሐል ሁሉም ዐይኑን ወደ መሪጌታ አዞረ። መሪጌታ የሰፈራችን ኩራት ናቸው፣ ቅኔ አዋቂ፣ ንግግራቸው ሁሉ ሰምና ወርቅ። ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ለማስተካከል የወሰደባቸው ጊዜ ራሱ ለአንድ ስብሰባ ይበቃል።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ፤ «ፕላኑ በዚህ ፀሐይ ኸደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቷል። ደክሞታል። እኛ እንግዳ እንቀበላለን እንጂ አናስቀይምም። እንግዲህ ምን እንላለን? ፕላኑ ይረፍ!»

ገባችሁ አይደል? ሊቀመንበሩ የሰማው ሰሙን ነው፤ ሰፈሩ ላይ ይረፍ፣ ይቀመጥ። ወርቁ ግን እንደ አያቶቻችን ይረፍ፣ አፈር ይቅለለው ነው። መጀመሪያ አንዱ ከጥግ «ይረፍ!» አለ። ከዚያ ሁሉም «ይረፍ! ይረፍ!» እያለ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ሰው በደስታ እንባ እንባ ሲለው ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሊቀመንበሩ «ገንቢ አስተያየት ማለት ይኸ ነው!» አለና ወደ እኔ ዞሮ «በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

እማሆይ እንደገና ተነሡ።

«እናንተ ይረፍ አላችሁ» አሉ። «እኔ አይረፍ ነው የምለው። ቤቴን ለሱቅ አልሰጥም። ጌሾ ረግረግ ላይ ይበሰብሳል። አሁን ተክዬ ብጀምር እስኪደርስልኝ ሦስት አራት ዓመት ነው፤ እስከዚያ ምን እበላለሁ?»

ጎረቤታቸው ነጠላቸውን ጎተተች። «ኧረ እማሆይ ይቀመጡ! እኛም እኮ እንቢ ነው ያልነው» አለች በሹክሹክታ።

«መቼ አላችሁ? እኔ ጆሮ አለኝ፤ አልሰማሁም።»

መሪጌታ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «ምን ይደረግ፣ አገውኛ ቅኔ የለውም» አሉ፤ ዙሪያቸው ያለው ሁሉ አፉን በጋቢ ሸፈነ። ኤዲያ! አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከአዳራሹ ሙሉ ሰው መሐል አንዲት ሴት ብቻ እንደ ሰው ተናገረች፤ እሷንም ቅኔ አይገባትም ብለን ሳቅንባት።

እማሆይ የሰዉን ሳቅ ትተው ወደ እኔ ተመለከቱ። «መምህር፣ አንተ ጻፍልኝ። እንቢ ብላለች በል።»

ሊቀመንበሩ አየኝ። ብዕሬን አንሥቼ ወረቀቱን ነካ ነካ አደረግሁ።

«ጻፍህልኝ?»

«ጻፍሁ፣ እማሆይ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉና ተቀመጡ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ፕላኑ ይረፍ ብሏል» የሚል ብቻ ነው። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ፍርሃት እንኳ ወግ አለው። እውነቱ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር አምራብኝ ነው። አንድ «እንቢ» ከገባባት ቅኔዋ ይፈርሳል፣ ሙሉ ድምፁም ሙሉ አይሆንም። ለቤቱ የሚሰጋ ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይጽፍ ነበር። የእኔ ቤት የቀበሌ ቤት ነው፤ ቢፈርስ ሌላ ይሰጡኛል።

ያን ክረምት እንዴት እንደኮራን! ቅኔው ማንኩሳ ገበያ ደረሰ። ቡሬ ለመምህራን ስብሰባ ብሄድ አንድ የማላውቀው ሰው የእኛኑ ስብሰባ ለእኔው ተረከልኝ፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ አስጨረስሁት። መሪጌታ በየቤቱ ጠላ ተጋበዙ። ጠላው የተጠመቀው በእማሆይ ጌሾ ነው። ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ ስናገኘው «ጓድ፣ ፕላኑ አረፈ?» እንለዋለን፤ «በቅርብ ያርፋል!» ይላል፤ እኛ ጥግ ዞረን በሳቅ እንሞታለን። ደብረ ማርቆስ ላይ ቃለ ጉባኤውን የሚያነበው ሰው ቅኔ ቤት ሳያልፍ አይቀርም፣ ገብቶት ይተወዋል ተባባልን። ከመካከላችን አንድ ሰው አንድ ወረቀት፣ አንድ ማመልከቻ አልጻፈም። ለምን ይጻፍ? በቅኔ ገድለነዋላ!

መስቀል ካለፈ በኋላ ግሬደር መጣ።

ከግሬደሩ ጋር ባለሙያውና አንድ ጸጉራቸው የሸበተ የክፍለ ሀገር ሹም ነበሩ። ሰዉ ግሬደሩን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያ ገብቶ ዕቃውን ማውጣት ጀመረ። ሙሉ ክረምት የሳቀ አፍ አንድ ቃል አልወጣውም። መሪጌታም መጥተው ቆመዋል፤ ለካ የእሳቸው ቤት ከወይራው ወዲያ ነው፣ ፕላኑ አይነካውም። ይህን ሲቀኙ ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ የጠየቀም የለም።

እማሆይ ዕቃ አላወጡም። ደፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ እየጮኸ ሄደባቸው፤ ሹሙ በእጃቸው ከለከሉትና ራሳቸው ጎንበስ አሉ።

«እናቴ፣ ምነው? ሕዝቡ ተስማምቶ የለም እንዴ?»

«እኔ አልተስማማሁም።»

«ያን ጊዜ ተናግረዋል?»

«ቆሜ ነዋ የተናገርሁት!»

ሹሙ ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ተቃውሞ ከተመዘገበ ቦታው እንደገና ሳይታይ አይነካም፤ መመሪያው ይኸው ነው። ቃለ ጉባኤው የታለ?»

እማሆይ ፊታቸው በራ። እንዲያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። «አለ እንጂ!» አሉ። «መምህር ጽፎልኛል። ይኸው፣ መዝገቡን ይዞ ቆሟል። ና ልጄ፣ አንብብላቸው!»

መዝገቡ በብብቴ ነበር። ሄድሁ። ሰዉ ዕቃውን መሬት አኑሮ ከበበን። ገጹን ገለጥሁና አነበብሁ፦ «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ፕላኑ ይረፍ ብሏል።»

ማንም አልሳቀም። ሹሙ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ወይራውን እንደ አዲስ ነገር ያዩት ጀመር።

«ቀጥል» አሉኝ እማሆይ። «የእኔ ከዚያ ቀጥሎ ነው።»

ያኔ እንኳ «አልጻፍሁትም፣ ግን ብለዋል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብል ምናልባት ሹሙ ይሰሙኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ከጎኔ ቆሟል። ገጹ ላይ አቀረቀርሁ።

«ገጹ ተጣብቆብህ ይሆናል» አሉኝ። «አትቸኩል፤ ይጠብቁሃል። ቀስ ብለህ ፈልገው፣ ልጄ።»

ጣቴን በምራቄ አራስሁና ገለጥሁ። ቀጥሎ የስኳር ተራ የስም ዝርዝር ነበር። እሱንም ገለጥሁት። እማሆይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ፊቴን እያዩ ይጠብቁኛል፤ እኔም እንደሌለ እያወቅሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ፈለግሁ።