ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው

ዝናብ ባባራ ቁጥር ከቦንጋ ዳር ካለው ጫካ የሚመጣው የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ሳላስበው የእናቴን ፊት ያመጣብኛል። እናቴ፣ አባቴ እሁድ ከሰዓት ወጥቶ ሲመለስ ጫማውን አንስታ ታሸተው ነበር። ጫካ ጫካ ሲሸታት ደግሞ ጥርጣሬዋ ይብስ ነበር፤ ወደ ጫካው በሚወስደው መንገድ ስንት ቤት እንዳለ ታውቃለችና።

አባቴ ከጅማ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ገበያው ዳር የስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ ይሰነብትና፣ እሁድ ምሳውን በልቶ፣ «እስቲ ትንሽ ልንሸራሸር» ብሎ ይወጣ ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው የሚሄደው ወይ ገበያ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ለቅሶ ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው ጫማ ሲነጥቅ እንኳ አለመቅረቱ እናቴን እንቅልፍ ነሳት።

«በዚህ ዝናብ ወንድን ከቤት የምታስወጣ ሴት ብቻ ናት» አለችኝ፣ ሌላ የምታማክረው ያጣች ይመስል።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ማን ቤት እንደሚገባ አይቼ እንድነግራት አብሬው ላከችኝ። አባቴ ደስ ብሎት እጄን ያዘ፤ ደስ ማለቱ ራሱ አጠራጠረኝ። እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ጉሬዛ ሲዘል ያያል፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ እኔ ደግሞ ሴትየዋ ከየትኛው ቁጥቋጦ ብቅ ትል ይሆን እያልኩ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ማንም አልመጣም። እያደር ግን ስለላዬን እየረሳሁ፣ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ውሃውን መስማት ወደድኩ። ለእናቴ «ማንም የለም» ስላት፣ «አንቺንም አታለለሽ» አለችኝ።

በጋ ሲገባ የምትጠረጥረው እናቴ ብቻ እንዳልሆነች ታወቀ። በእኛ ጫካ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ሥራ ሳይኖረው ሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ማር ሊሰርቅ እንደመጣ ይቆጠራል። አንድ እሁድ ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ ባለቀፎ ገጀራቸውን እንደያዙ መንገድ ዘጉብን።

«ቀፎ የለዎት፣ እንጨት አይለቅሙ፣ ዛፌ ሥር ምን ያቆምዎታል?»

«ዝም ብዬ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።»

«ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የለም» አሉና እስከ ከተማው ዳር ከኋላ ከኋላችን ሸኙን። ወሬው ሳይመሽ እናቴ ጆሮ ደረሰ።

የቡና አበባ ሲፈነዳ እናቴ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። አባቴ ምንም ሳይደነግጥ በሁልጊዜው መንገድ መራን፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱም ቤት ውስጥ አይተነው በማናውቀው ሁኔታ ፈታ አለ። እናቴ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስንመለስ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ቀረችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሴትን ተጣልቼ አባርራታለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማውን አልነካችም።

ዛሬ እኔም ባል አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ እሁድ ከሰዓት ብቻዬን ወደዚያው ጫካ እወጣለሁ። ባለቀፎዎቹ የከተማ ሰው ሲንሸራሸር ማየት ስለለመዱ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። አባቴ ሲያገኘው የነበረውን ዕረፍት እኔም አግኝቼዋለሁ፤ ከማን ይሸሽ እንደነበር ግን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ስመለስ ባለቤቴ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «መጣሽ?» ይለኛል። የት እንደዋልኩ፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ ጠይቆኝ አያውቅም። የታመንኩ ሚስት ነኝ ማለት ነው፤ ነገር ግን እናቴ አባቴን ስትጠብቅ በር በሩን ታይ እንደነበር ትዝ ሲለኝ፣ እኔን የሚጠረጥረኝ ሰው ማጣቴ ቅር ይለኛል።