ለመንገደኛ የተቀዳው ሻይ

ሊፍቱ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል የተሰማኝ ንዴት እንጂ ፍርሃት አልነበረም። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው የስደተኞች የፎቅ ሰፈር ለኖረ ሰው የተበላሸ ሊፍት ምኑ ይገርማል? ያናደደኝ ሺፍት ልገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረኝ መሆኑ ነው። አብረውኝ የተያዙት አሥራ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የቲቤት አሮጊትና በእኔ ዕድሜ ያለች ልጃቸው ናቸው፤ በሰላምታ ብቻ እንተዋወቃለን። እኔ የድረሱልኝ ቁልፉን እንደ ደመኛዬ ስደበድብ፣ አሮጊቷ ምን በወጣቸው፣ የገበያ ጋሪያቸውን ተደግፈው ፔርሙዛቸውን ከፈቱ። ጨውና ቅቤ የገባበት ሻይ! ሽታው ያቺን ጠባብ ሣጥን ሲሞላት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጃቸው ያመመኝ መስሏት ደነገጠች።

ያን ሽታ ካሸተትኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሕንድ አገር የምማር የሃያ ሁለት ዓመት ኮረዳ ሳለሁ፣ የፈረንጅ ልጆች የጀርባ ሻንጣ አዝለው ከተራራ ተራራ ሲዞሩ አይቼ፣ እኔስ ከማን አንሼ ብዬ ከክፍል ጓደኛዬ ሻንጣ ተውሼ በዕረፍታችን ብቻዬን ተነሣሁ። እናቴ ብትሰማ ኖሮ የምትጠይቀው ማን እንደሞተ ነበር፤ በእኛ ቤት ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሠርግ ወይም ያለ ጠበል አገር አቋርጦ የሚሄድ ጤነኛ ሰው አይታወቅማ። በገደል አፋፍ እየተጥመዘመዘ በሚወጣ አውቶቡስ፣ ቁርሴን ደጋግሜ ለሜዳው እያስረከብኩ፣ የቲቤት ስደተኞች የሰፈሩባቸውን ሦስት ከተሞች አየሁ፤ ከጣራ ወደ ጥድ የተዘረጉ ባለቀለም ጨርቆች፣ መንገድ ዳር ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች፣ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ የታሸገበት የሊጥ ድብልብል። አራተኛው ከተማ በገባሁ ማግሥት ግን ዝናቡ ተራራውን ናደውና መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘጋ።

ያረፍኩት አማላ ቤት ነው። አማላ ማለት በእነሱ ቋንቋ እማማ እንደማለት ነው፤ ስማቸው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እኛስ እማማን በስማቸው መቼ እንጠራለን? ባላቸው ወላጆቼን ላምጣ ብሎ ድንበሩን ወደ ቲቤት ተሻግሮ እንደወጣ ቀርቷል። እሳቸው ሁለት ክፍል ለመንገደኛ እያከራዩ፣ መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ በሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። እኔ እንግዲህ ትልቅ ሰው የሰጠሽን ጥርግ አድርገሽ ጨርሺ ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ የእንግዳ ዋንጫ እንዳይጎድል ተብለው ያደጉ። እኔ እጨርሳለሁ፣ እሳቸው ይሞላሉ። ያን ቅቤና ጨው! በቃኝ ስላቸው የምግደረደር እየመሰላቸው፣ ሆዴ እንደ ከበሮ እስኪነፋ አጠጡኝ።

እስከ ሦስተኛው ቀን ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው ሊበላኝ ደረሰ፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፣ ጭጋጉ መስኮቱን ይደፍነዋል፣ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ መውጫ የለም። በስድስተኛው ቀን ተነጫነጭኩባቸው፤ እንዴት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራሉ አልኳቸው፣ አላፍርም! አማላ ከትራሳቸው ሥር አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። የስደተኛ መታወቂያ ነው፣ ፓስፖርት ኖሯቸው አያውቅም። ከመንገደኛ በለቀሙት እንግሊዝኛ፣ «አንቺ መንገድ እስኪጠገን ነው» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው፣ በዚህ ቤት ያደረ ሁሉ እመለሳለሁ ብሎ እንደሚሄድና አንድም የተመለሰ እንደሌለ ነገሩኝ። አፈርኩ። እጃቸውን ይዤ፣ «እኔ እመለሳለሁ፣ ማርያምን!» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ፣ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ሻንጣዬን አዝዬ በሩ ላይ ስደርስ አማላ የባላቸውን የእንጨት ዋንጫ አውጥተው፣ እስከ አፉ ሻይ ሞልተው፣ በሁለት እጃቸው መስኮቱ ላይ አኖሩት። አሁንም ሌላ! አልኩ በሆዴ። አስተዳደጌን ላስመሰክር ብዬ አነሣሁና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት፤ አንድ ጠብታ እንዳልተረፈ እንዲያዩልኝም ገልብጬ አሳየኋቸው። ፊታቸው ልክ እንደዚያ መስኮት ጭጋግ ለበሰ። ዋንጫውን አዩ፣ እኔን አዩ። ስለተለየኋቸው የከፋቸው መሰለኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሊፍቱ ውስጥ አሮጊቷ በፔርሙዙ ክዳን ቀዱልኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጨረስኩት፣ እሳቸውም ሞሉልኝ። ሳቅ መጣብኝና ይህንኑ ታሪክ ለልጃቸው በእንግሊዝኛ አጫወትኳት፤ እሷም ለእናቷ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ሲስቁ ቆይተው የመጨረሻው ዋንጫ ላይ ስንደርስ ሳቃቸውን አቋርጠው ለልጃቸው አንድ ነገር ነገሯት። ልጃቸው ወለል ወለሉን እያየች፣ «እናቴ ያ ሻይ አይጠጣም ነው የምትለው» አለችኝ። «ለሚሄድ ሰው ተቀድቶ እንደሞላ ይቀመጣል። ተመልሶ መጥቶ የሚጠጣው ነው።»

ያን ጊዜ ሊፍቱ ተንገጫግጮ መውረድ ጀመረ። መሬት ደረስን። በሩ ሲከፈት በእጄ የነበረውን ክዳን እንደሞላ ለአሮጊቷ መለስኩላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ለሥራዬ አርፍጄ ባቡር ውስጥ ቆሜ አማላን አሰብኩ። ዛሬ የትኛውንም ድንበር የሚያሻግር ፓስፖርት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አንድ ገጹ እንኳ ማኅተም አላየም። ብሄድስ ማንን ብዬ እጠይቃለሁ? በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅ፣ ስማቸውን አልያዝኩ።

እስከ ዛሬ ቃሌን ያጠፍኩት ቀስ በቀስ ይመስለኝ ነበር፤ ትዳር መጣ፣ ስደት መጣ፣ ሁለት ሥራ መጣ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አማላ ግን ያን ሁሉ ዓመት አልጠበቁኝም። እንደማልመለስ ያወቁት ያኔውኑ ነው፣ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ባዶውን ዋንጫ ገልብጬ ሳሳያቸው።